ሰው ሊጎትት የሚገባው ምን ያህል ነው?

የሰው ልጅ ባሕርይ ሁለት ተቃራኒ ምኞቶችን በአንድነት ይዞ ይኖራል። በአንድ በኩል ቤት ሠርቶ፣ ዕቃ አደራጅቶ፣ ከአንድ ስፍራ ተረጋግቶ መቀመጥን ይወዳል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ተነሥቶ መሄድንና ያላየውን አገር ማየትን ይናፍቃል። እነዚህን ሁለት ምኞቶች ለማስታረቅ ከተፈለሰፉት ነገሮች አንዱ በአሜሪካና በአውሮፓ በብዛት የሚታየው ሞተርሆም የሚባለው መኪና ነው። ይኸውም አልጋውን፣ ማድቤቱንና መታጠቢያውን በሆዱ ይዞ የሚጓዝ ቤት ነው። በአሜሪካ በአዮዋ ስቴት የሚገኘው ዊኔባጎ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1966 ይህን ዓይነቱን መኪና ቀድሞ ከነበረው ባነሰ ዋጋ በብዛት ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰውም ቤቱን እየነዳ አገሩን ለመዞር በቃ።

ይሁን እንጂ ቀንድ አውጣ ቤቱን ተሸክሞ በመሄዱ ፈጣን እንዳልሆነ ሁሉ፣ የሞተርሆም ባለቤትም ቤቱን በማስከተሉ ከችግር አልዳነም። ከማረፊያው ደርሶ የውሃውን ቱቦ ከቀጠለ፣ የኤሌክትሪኩን ገመድ ከሰካ፣ ወንበርና ጠረጴዛውን ከዘረጋ በኋላ፣ ዳቦ ለመግዛት ወይም ሐኪም ቤት ለመድረስ ቢፈልግ ይህን ሁሉ ነቅሎና አጣጥፎ መላ ቤቱን ማንቀሳቀስ ይኖርበታል። ስለዚህ ብዙዎቹ አንዲት ትንሽ መኪና ከኋላ አስረው እየጎተቱ ይጓዛሉ። ትልቁ ቤት ሲቆም ትንሿ ተፈታ የዕለቱን ጉዳይ ትፈጽማለች።

የትንሿ መኪና ጥቅም በጉልህ የሚታይበትን አንድ ስፍራ እንጥቀስ። በሞንታና ስቴት፣ በግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ «ወደ ፀሐይ የሚሄድ» የሚል ስም የተሰጠው መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 የተመረቀው ይህ መንገድ ገደሉን እየታከከ ከባሕር ወለል በላይ 2,026 ሜትር ወደሚደርሰው ወደ ሎጋን በር ይወጣል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ርዝመቱ ከ21 ጫማ፣ ማለትም ከ6 ሜትር ከ40 ገደማ የበለጠ ተሽከርካሪ በተራራው ክፍል እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። እንግዲህ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ትልቁ ቤት ከሥር ሲቀር፣ ተጎትታ የመጣችው ትንሽ መኪና ጌታዋን ከተራራው ራስ ላይ ታደርሰዋለች።

አንባቢ ሆይ! ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ነፃነትን ፈልጎ ቤቱን በጎማ ላይ የሠራ ሰው፣ የዚያን ቤት ጉድለት ለመሙላት ሌላ መኪና ሲጎትት፣ ነፃነቱን ጨመረ ወይስ ጭነቱን? «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዲሉ፣ ነገሩን ስስት ነው ብለው የሚነቅፉት አሉ። አስተያየታቸውም ከንቱ አይደለም፤ ትልቁ ሞተርሆም ለብቻው እንኳ ነዳጅ የሚፈጅ ነውና። ነገር ግን የንብረትን ብዛት ብቻ ቆጥሮ መፍረድ ትክክለኛ ፍርድ አይመስለንም። ለዳቦ መግዣ 10 ሺሕ ኪሎ የሚመዝን ቤት ከመንዳት ትንሿን መኪና መንዳት ይሻላል። ሁለተኛው ንብረት የመጀመሪያውን ጉድለት በእውነት የሚሞላ ከሆነ፣ ለመፍረድ የሚያበቃን ሌላ መመዘኛ መፈለግ አለብን።

እኛ የምናቀርበው መመዘኛ ፍሬን ነው። የሞተርሆም ፍሬን በመሠረቱ የተሠራው የራሱን ሙሉ ክብደት እንዲያቆም ነው። ሞተሩ ግን ከዚያ የበለጠ መጎተት ይችላል። አንድ ተኩል ሺሕ ኪሎ የምትመዝን መኪና ከኋላው ብትታሰር ጉልበተኛው ሞተር ዳገቱን ይዟት ይወጣል፤ ነጂውም ከኋላው አንዳች ነገር መኖሩን እስኪዘነጋ ድረስ ይደርሳል። ቁልቁለት ሲመጣ ግን የተጎተተችው ትገፋዋለች፤ ፍሬኑ ይግላል፤ የሚቆምበትም ርቀት ይረዝማል። የራሷ ፍሬን ከነጂው ፍሬን ጋር አብሮ እንዲይዝ ካልተደረገ፣ ማያያዣውም ቢበጠስ በራሱ የሚያቆማት መሣሪያ ካልተገጠመላት፣ አደጋው የሚወርደው በባለንብረቱ ላይ ብቻ አይደለም። ከፊት ባለው መስቀለኛ መንገድ ልጇን ይዛ የምትሻገረው እናት ከዚህ ሰው ደስታ ምንም ድርሻ ሳይኖራት የጉዳቱ ተካፋይ ትሆናለች።

ስለዚህ ጉዳይ ሕግ ዝም አላለም። በእንግሊዝ አገር ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። በአሜሪካ ደንቡ ከስቴት ስቴት ቢለያይም፣ በብዙዎቹ 3,000 ፓውንድ፣ ማለትም 1,360 ኪሎ ገደማ ሲሞላ ፍሬን ይጠየቃል። ሆኖም «ሕጉ የሚናገረው ስለ ተሳቢ ነው፤ የእኔ ግን መኪና እንጂ ተሳቢ አይደለም» እያሉ የሚከራከሩ አይጠፉም። የሕግን ቃል እየሰነጠቁ ከግዴታ ማምለጥ በሸንጎ ፊት ያዋጣ ይሆናል፤ ቁልቁለቱ ግን ይህን ክርክር አይሰማም። ሕሊና ያለው ሰው ሕጉ ምን ያህል ያስገድደኛል ከማለቱ በፊት፣ ከኋላዬ ያሰርሁትን በድንገት ለማቆም እችላለሁን? ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ደግሞም የሚጎትቱትን ነገር ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ሞተሩ ጠፍቶ በአራት ጎማው ሲጎተት፣ ዘይቱን የሚያሰራጨው ፓምፕ በሞተሩ ኃይል የሚሠራ ስለሆነ ካምቢዮው ዘይት አጥቶ ይበላሻል። በአራት ጎማው የሚጎተት መኪና እንደ ታሰረ ወደ ኋላ ሊመለስ ቢሞከርም፣ የፊት ጎማዎቹ ይጣመሙና መጎተቻው ብረት ይጎዳል። ስለዚህ መውጫ በሌለው መንገድ የገባ ነጂ መመለስ ከፈለገ ወርዶ መፍታት አለበት። ከዚህም የምንማረው፣ ማሰርን ብቻ ተምሮ መንገድ መጀመር በቂ አለመሆኑን ነው። መፍታትንም ማወቅ፣ ለመፍታትም ፈቃደኛ መሆን ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሞተርሆም ላልገዛ፣ ወደፊትም ለማይገዛ ሰው የማይመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በኑሮው አንዳች ነገር የማይጎትት ሰው የለም። አንዱ ከደመወዙ በላይ ብድር ይጎትታል፤ ሌላው ሊቆጣጠረው የማይችለውን የሥራ ክፍል በሥልጣኑ ላይ ያስቀጥላል። ሁሉም ኃይሉን የሚገምተው በዳገት ነው፤ ገንዘብ ሲገኝና ሹመት ሲሰጥ መሳብ መቻሉን አይቶ ይኮራል። ብድሩ መከፈል ሲያቅተው ግን ዋስ የሆነው ወዳጅ አብሮ ይወድቃል፤ የሥራ ክፍሉም ሲበላሽ ባለጉዳዩ ሕዝብ ይጉላላል።

እንግዲህ ለርእሳችን ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ሰው ሊጎትት የሚገባው ለማቆም የሚችለውን ያህል ነው። ከዚያ ያለፈው፣ ምንም እንኳ በገንዘቡ የተገዛ ቢሆን፣ በሌላ ሰው ሕይወት ላይ የተጫነ ነውና የእርሱ ሀብት ነው ሊባል አይችልም። በልኩ የሚጎትት ግን ቤቱንም ትንሿንም መኪና ይዞ በሰላም ይጓዝ፤ ከተራራው ሥር ሲደርስም ትልቁን ትቶ በትንሿ ይውጣ።