የፍልፈል ጠበቃ

በባሌ ተራሮች ሌሊት በፈረስ እየዞሩ የፍየል ሥጋ የሚጥሉ ሰዎች አሉ። በሥጋው ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የያዘች ትንሽ ከረጢት ተደብቃለች፤ ቀይ ቀበሮው ሲነክሳት ትፈነዳና ክትባቱ አፉ ውስጥ ይፈሳል። ይህ ዘዴ በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ አውሬው በወጥመድ እየተያዘ በመርፌ ነበር የሚከተበው። በዓለም ላይ የቀሩት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። በ2003 እዚያው ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ የገባው የዚሁ በሽታ ወረርሽኝ በደረሰበት አካባቢ ከአራት ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ ለአደን ብቻውን ይውጣ እንጂ ማለዳ ከመንጋው ጋር ተሰባስቦ ይተሻሻል፣ ይላላሳል። እንዲህ ተጠጋግቶ በሚኖር ቤተሰብ መካከል አንዱ ካበደ ሌሎቹ መትረፋቸው ያጠራጥራል።

ማዳን ይገባል? ይገባል እላለሁ። «ስለምናዝንለት ነው» የሚለው ምክንያት ግን አይዋጥልኝም። የዳነው ቀበሮ በማግስቱ ፍልፈል ሊበላ ይወጣል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጆሮውን ቀስሮ፣ ሆዱን መሬት አስነክቶ ያደባል፤ ፍልፈሉ ሣር ሊጎትት ብቅ ሲል ዘሎ ይይዘዋል። ጥርስ ሲገባበት ፍልፈሉንም ያመዋል። የምንቆጥረው ሕመምን ከሆነ፣ አንድ ቀበሮ ባዳንን ቁጥር ስንት ፍልፈል እንደፈረድንበት አብረን መቁጠር ነበረብን።

ይህን ስሌት እስከ መጨረሻው የገፋ ሰው አለ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጄፍ ማክማሃን በ2010 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የከፋ ጉዳት ሳይከተል ሥጋ በል አውሬዎች ቀስ በቀስ እንዲጠፉ ማድረግ ቢቻል መልካም አይሆንም ወይ ሲል ጠይቋል። ብዙዎች ሳቁበት። እኔ አልስቅም፤ ቢያንስ ለፍልፈል ጠበቃ ቆሞለታል። እኛማ ጅብን የምናባርረው ከራሳችን አህያ ላይ ነው፤ ዱር ውስጥ ድኩላ ሲይዝ ማንም ዱላ ይዞ አይወጣም። ኢሳይያስም ቢሆን አንበሳ እንደ በሬ ገለባ ሲበላ ያየው በሚመጣው ዘመን እንጂ ሰው በሚያስተዳድረው ዱር አይደለም።

ለማክማሃን የሚሰጠው መልስ ሰሬንጌቲ ያለ ይመስለኛል። እኛ ደስታ የምንለው የከብት በሽታ ከ1888 ጀምሮ አገራችንን ክፉ ቀን ውስጥ ሲከት የጨረሰው በሬና ላም ብቻ አልነበረም፤ ወደ ደቡብ ወርዶ የምሥራቅ አፍሪካን ጎሽና የቆርኬ ዘመድ የሆነውን ዊልደቢስትንም አረገፈ። ኋላ በሰሬንጌቲ ዙሪያ ያሉ ከብቶች ሲከተቡ፣ ዊልደቢስቱን ማንም በመርፌ ሳይነካው በሽታው ከዱርም ጠፋ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው አውሬ በ1977 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሣሩን ስለሚግጠው ሰደድ እሳት ቀነሰ፣ ዛፍ በዛ፣ ለአንበሳና ለጅብም ቀለብ ተረፈ። ዛሬ አብዛኛው ዊልደቢስት የሚሞተው በምግብ እጥረት ነው። ይህ ሁሉ አንበሳና ጅብ እያሉ ነው፤ እነሱ ቢነሡ ረሃቡ ምን ያህል በበረታ። በረሃብ መሞት ደግሞ ከአንበሳ ጥርስ ይልቅ ቀን ይወስዳል።

እንግዲህ ደስታን ማጥፋት ስህተት ነበር? በፍጹም። በሽታውን ወደ አፍሪካ ቀንድ ያመጡት በምጽዋ በኩል የገቡ ከብቶች ናቸው፤ ሰው በመርከብ ጭኖ ያመጣውን ሰው አጠፋው። የባሌውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀበሮው የሚዘልቀው ከብት ተከትለው አምባው ድረስ ከሚወጡ የሰው ውሾች ነው። ስለዚህ ክትባቱን ከምሕረት ይልቅ እንደ ዕዳ ነው የማየው። ዕዳ ደግሞ ልክ አለው፤ ቀበሮውን ከውሻችን በሽታ እንድንጠብቀው ያስገድደናል፣ በቀበሮውና በፍልፈሉ መካከል ግን ዳኛ አያደርገንም።

ዕዳ ነው ካልን የሥራው ቅደም ተከተልም ይለያል። ለቀበሮ የሚጣለው ሥጋ ፎቶ ላይ ያምራል፤ በባሌው ፓርክ ዙሪያ ባሉ መንደሮች በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን እያሳደዱ መከተብን ግን የሚያወራለት የለም። በጀት ቢያጥርና አንዱን ምረጥ ብባል ከውሾቹ እጀምራለሁ፤ በዚያ መርፌ የእረኛውም ልጅ ይድናል።