የፍርሃት ጣት ወደ ማን ይቀሰራል?

ደራሲ ሰውን ማስፈራት ይገባዋልን? ጥያቄው የዋዛ ሊመስል ይችላል። ሥነ ጽሑፍ ያስተምራል፣ ያዝናናል፣ ያነቃል ስንል የኖርን ሰዎች ግን «ያስፈራል» የሚለውን ግሥ ከነዚህ ተርታ ለማሰለፍ እናመነታለን። አስፈሪ ድርሰት ሲነሣ መምህሩ «ለተማሪ ምን ይፈይድለታል?» ይላል፤ ካድሬው «የኋላ ቀር እምነት ማጠናከሪያ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ የኪነ ጥበብ ሰውም ለገበያ የቀረበ ርካሽ ሸቀጥ አድርጎ ያየዋል። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ይሁንና ሦስቱም ሳያዩት የሚያልፉት አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። ይኸውም ፍርሃት አቅጣጫ ያለው ስሜት መሆኑ ነው። ሰው እንዲያው በደፈናው አይፈራም፤ አንድን ነገር፣ አንድን ወገን ይፈራል። ስለሆነም አስፈሪ ድርሰት የጻፈን ሰው በቅድሚያ ልንጠይቀው የሚገባን «ማንን እንድንፈራ አደረግኸን?» ብለን ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከአሜሪካዊው ደራሲ ከሐዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። በሙያው የተዋጣለት፣ በፍርሃቱም ክፉኛ የተሳሳተ ሰው ነውና።

ላቭክራፍት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1890 በሮድ አይላንድ ግዛት፣ በፕሮቪደንስ ከተማ ነው (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ እየተዘዋወረ ዕቃ የሚሸጥ የንግድ ወኪል ነበር። በ1893 ቺካጎ ውስጥ በሥራ ላይ ሳለ አእምሮው ታወከ፤ በትለር በተባለው የፕሮቪደንስ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ አምስት ዓመት ተኝቶ በ1898 ሞተ። ለልጁ የተነገረው አባትህ ሽባ ሆኗል የሚል ነበር። በ1919 ደግሞ እናቱ ወደዚያው ሆስፒታል ገባች፤ በ1921 እሷም እዚያው አረፈች። አባትና እናቱን አንድ በር የዋጠበት ሰው ስለ ራሱ ደም ምን ሊያስብ እንደሚችል አንባቢ ይገምት። ይህን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

ልጁን ያሳደገው የእናቱ አባት ዊፕል ፊሊፕስ ነው። አያትየው ሀብታም ነጋዴ ነበር፤ ማታ ማታ ከራሱ እየፈጠረ አስፈሪ ተረት ያወራለት ነበር። በ1904 አያትየው ሲሞት ሀብቱም ፈረሰ፤ ትልቁ ቤት ከእጃቸው ወጣ። ላቭክራፍት በ1908 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋረጠና ለብዙ ዓመታት ቤት ውስጥ ተከቶ ኖረ። እንግሊዛዊ የዘር ሐረጉን እየቆጠረ የሚኮራ፣ ኪሱ ግን ባዶ የሆነ ወጣት ሆነ። ከላይ የነበሩ ሰዎች ወደ ታች ሲወርዱ ከታች ያለውን እንዴት እንደሚያዩት በእኛም ዘንድ ያልታየ ነገር አይደለም።

ንባቡ ሰፊ ነበር። ገና በአምስት ዓመቱ የአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችን አንብቦ አረብ ነኝ እያለ ይጫወት ነበር። በስምንት ዓመቱ ኤድጋር አለን ፖን አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ፖ እስከ መጨረሻው መምህሩ ሆኖ ቀረ። በ1919 አየርላንዳዊው ሎርድ ደንሰኒ ቦስተን ላይ ሥራዎቹን ሲያነብ ሄዶ አዳመጠው፤ ለጥቂት ዓመታትም እንደ እሱ ለመጻፍ ሞከረ። ከሁሉ ይልቅ የለየው ግን ከመጻሕፍት ያልመጣ ነገር ይመስለኛል። በአሥራዎቹ ዕድሜ መግቢያ ላይ በሥነ ፈለክ ፍቅር ተያዘ፤ ስለ ከዋክብትም በአካባቢው ጋዜጦች ይጽፍ ጀመር። ማለቂያ በሌለው ጠፈር ውስጥ ምድር ትቢያ እንደሆነች በዚያ ዕድሜ የተረዳ ልጅ ሰይጣንንና መናፍስትን ሊፈራ አይችልም። እውነትም አይፈራም ነበር። ላቭክራፍት ቁስ አካላዊ ነኝ የሚል፣ በየትኛውም ሃይማኖት የማያምን ሰው ነው። «የክቱሉ ጥሪ» በተባለው፣ በ1926 ጽፎት በ1928 በታተመው ታዋቂ አጭር ልብ ወለዱ ውስጥ የሚያስፈራው የአጽናፈ ዓለም ግድ የለሽነት ነው። የሰው ልጅ ከመፈጠሩ አስቀድሞ የነበሩ፣ የሰውን መኖር ከቁም ነገር የማይቆጥሩ ኃይሎች አሉ፤ እነሱ ክፉ አይደሉም፤ ሰው ጉንዳን ሲረግጥ ክፉ እንዳልሆነ ሁሉ። እንግዲህ አስፈሪ ድርሰት ሁሉ የኋላ ቀር እምነት ልጅ ነው የሚለው ፍርድ እዚህ ላይ አይሠራም።

አጻጻፉን በተመለከተ ለሙያ ባልደረቦቼ የሚጠቅም ነገር ትቷል። አንድን ታሪክ ከመጻፉ በፊት ሁለት ንድፍ ያዘጋጅ ነበር፤ በመጀመሪያው ድርጊቶቹን በተፈጸሙበት የጊዜ ቅደም ተከተል፣ በሁለተኛው ደግሞ ለአንባቢ በሚገለጡበት ቅደም ተከተል ያሰፍራል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው ፍርሃቱን የሚወልደው። በ1927 ባሳተመው ሰፊ ጥናቱም ከሴራው ይልቅ ድባቡ እንደሚበልጥ ይሟገታል። ለተውኔት ጸሐፊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መድረክ ላይ ከወጣው ጭራቅ ይልቅ ከመጋረጃው ጀርባ የሚሰማው ኮቴ ተመልካቹን እንደሚያንቀጠቅጠው በልምምድ ክፍል ያየ ያውቀዋል። ችግሩ ግን ከዚህ ይነሣል። በጨለማ የተሸፈነውን ነገር ማንነት የሚሞላው የአንባቢው ጥላቻ ሊሆን ይችላል፤ የደራሲውም እንዲሁ።

በ1924 ላቭክራፍት ሶንያ ግሪን የምትባል፣ ከዩክሬን ተሰድዳ የመጣች አይሁዳዊት አግብቶ ኒው ዮርክ ገባ። ያሰበው አልሰመረለትም። የሚስቱ የባርኔጣ ሱቅ ከሰረ፤ እሱ ሥራ ፈልጎ አጣ፤ እሷ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ብሩክሊን ውስጥ በአንድ ኪራይ ክፍል ብቻውን ቀረ። በ1925 ሌቦች ክፍሉን ሰብረው ልብሱን ወሰዱበት። በየመንገዱ የሚያየው ከሶርያ፣ ከጣልያን፣ ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ ሠርቶ አደር ነው። ያ ሕዝብ እንደ እሱ ተከራይ፣ እንደ እሱ ድኻ ነበር። ላቭክራፍት ግን የድኽነቱን ምክንያት ባለሀብቱ ዘንድ ሳይሆን ጎረቤቱ ፊት ላይ ፈለገ። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር በሁለት ቀን ውስጥ «የሬድ ሁክ መዓት» የተባለውን ታሪክ ጻፈ።

ሬድ ሁክ ዛሬም ያለ የብሩክሊን የወደብ ሠፈር ነው። በታሪኩ ውስጥ የሠፈሩ ስደተኞች ሕፃናትን ይሰርቃሉ፣ በምድር ቤት ውስጥ ደም ያፈስሳሉ፣ ለጨለማ ኃይል ይሰግዳሉ። የወንጀሉ መሪ አንድ ያረጀ ነጭ ምሁር ቢሆንም መንጋው ስደተኛው ነው። ደራሲው ከነዚህ መካከል ያዚዲ ኩርዶችን ለይቶ ያነሣል፤ ሰይጣን አምላኪዎችም ይላቸዋል። ይህን ስም ማጥፋት እሱ አልፈጠረውም። በዚህ ጥንታዊ ሕዝብ ላይ ከጎረቤቶቹ ሲወረወር የኖረ ውሸት ነው፤ ላቭክራፍት ከመንገድ ላይ አንሥቶ ለጌጥ ተጠቀመበት። በ2014 በኦገስት ወር «እስላማዊ መንግሥት» ነኝ ባዩ ታጣቂ ቡድን በኢራቅ ሲንጃር ተራራ ዙሪያ ያዚዲዎችን በሺህ ሲገድል፣ ሴቶቻቸውንም ለባርነት ሲሸጥ ያቀረበው ምክንያት ያንኑ ነበር፤ ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው የሚል። ገዳዮቹ ላቭክራፍትን አላነበቡም፤ ጥፋቱ የእሱ ነው ማለቴም አይደለም። ነገር ግን የፍርሃት ተረት ባለቤት የሌለው ዕቃ እየመሰለን ከእጅ ወደ እጅ ስናቀባብለው አንድ ቀን ስለት አውጥቶ የሚገኝበት ቦታ አለ።

ይህን ስጽፍ በልጅነቴ የሰማኋቸው የቡዳ ተረቶች ትዝ ይሉኛል። በተረቶቻችን ውስጥ ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚወጣው ማን ነበር? ቀጥቃጩ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ናት፤ ፋቂው ነው። ማረሻ የሚሠራልንን፣ የምንበላበትን ምጣድና የምንጠጣበትን ገንቦ የምታበጅልንን ሰዎች ነበር የምንፈራው። ባላባቱ ወይም ጭቃ ሹሙ ጅብ ሆኖ ሲያድር አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። የገበሬውን ጎተራ ሲያራቁት የኖረው ማን እንደነበር እየታወቀ!

ላቭክራፍት ዘንድም ይኸው ነው። «በእብደት ተራሮች ላይ» በተባለው፣ በ1931 በተጻፈው ረዥም ሥራው፣ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ በረዶ ሥር ከሰው በፊት የኖሩ ፍጡራን የሠሩትን ታላቅ ከተማ ያገኛሉ። ፍጡራኑ በመልካቸው ከሰው ፈጽሞ የራቁ ናቸው። ሆኖም ተራኪው የግድግዳ ቅርጻቸውን እያነበበ ሲሄድ ሊቃውንት፣ ግንበኞች፣ ጠያቂ አእምሮ የነበራቸው መሆናቸውን ይረዳል፤ በመጨረሻም ያዝንላቸዋል። ደራሲው ባዕዱን እንደ ወገን ሊያይ መቻሉ እጅግ ያስደንቃል። ታዲያ የቀረው ፍርሃት በማን ላይ ነው የሚያርፈው? ከተማውን ባነጹት ባሮች ላይ! ጌቶቹ ለጉልበት ሥራ የፈጠሯቸው፣ ኋላም ያመፁባቸው ሾጎት የሚባሉ ቅርጽ የለሽ ፍጡራን ናቸው የታሪኩ ጭራቆች። የባሮች አመፅ የዓለም መጨረሻ ሆኖ ቀረበ። ጌታው ሐዘን አገኘ፤ ባሪያው አንደበት እንኳ አላገኘም።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንዲህ ከሆነ ለምን እናነበዋለን? ለምንስ በዚህ መጽሔት ይወሳል?» ቢል አይፈረድበትም። መልሴ ሁለት አጫጭር ሥራዎች ናቸው።

በ1921 በጻፈው «ባዕዱ» ውስጥ አንድ ሰው በጨለማ ግንብ ውስጥ ብቻውን ያድጋል። ብርሃን ናፍቆት ማማውን ወጥቶ ያመልጣል፤ ሰዎች ወደሚጨፍሩበት ቤትም ይደርሳል። ሲገባ ሁሉም እየጮኹ ይሸሻሉ። ዞር ሲል አንድ የበሰበሰ አስቀያሚ ፍጡር ከፊቱ ቆሟል። ሊገፋው እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹ የነኩት የመስታወት ገጽ ነው። «የኢንስማውዝ ጥላ» ደግሞ በ1931 የተጻፈ ነው። ወጣቱ ተራኪ ነዋሪዎቿ ከባሕር ፍጡራን ጋር ከተደባለቁባት የወደብ ከተማ በጭንቅ ያመልጣል፤ ለመንግሥት ያመለክታል፤ ሕዝቡም በጅምላ ይታፈሳል። ኋላ ግን የዘር ሐረጉን ሲመረምር ቅድመ አያቱ ከነዚያው ወገን መሆኗን ይደርስበታል። መስታወት ፊት ቆሞ መልኩ ሲለወጥ ያያል። በመጨረሻ ከእብዶች ሆስፒታል የተዘጋበትን የአጎቱን ልጅ አስመልጦ አብረው ወደ ባሕሩ ወገኖቻቸው ለመሄድ ይወስናል።

በትለር ሆስፒታልን እናስታውስ። ላቭክራፍት ዕድሜ ልኩን የሸሸው በራሱ ደም ውስጥ ያለውን፣ አባቱንና እናቱን የወሰደውን ነገር ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ፍርሃት በቀጥታ መመልከት ሲያቅተው ሬድ ሁክ ባለ የወደብ ሠራተኛ ላይ ጫነው፤ ድርሰቱም ጩኸት ብቻ ሆነ። «የሬድ ሁክ መዓት» በኪነ ጥበብ ሚዛንም ቀላል ነው፤ ራሱም አልወደደውም። ድፍረት አግኝቶ መስታወቱን ወደ ራሱ ባዞረ ጊዜ ግን ድርሰቱ ሕይወት ዘራ። የሥነ ምግባሩ ውድቀትና የጥበቡ ውድቀት በአንድ ቦታ መገናኘታቸው አጋጣሚ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን፣ ላቭክራፍት የፖለቲካ አቋሙን ለውጦ ሩዝቬልትን ደገፈ፤ ወደ ለዘብተኛ ሶሻሊዝምም አዘነበለ። የዘር ጥላቻው ግን በመሠረቱ አልለቀቀውም። ስለ ሀብት ክፍፍል ያለን አስተሳሰብ በክርክር ሊታረም ይችላል፤ ፍርሃታችን ግን ከዚያ በታች ባለ ክፍል ውስጥ ስለሚኖር ክርክሩ አይደርስበትም። ኪነ ጥበብ ሊደርስበት ይችል ይሆናል። በ1937 በአንጀት ካንሰር በ46 ዓመቱ ሲሞት ድኻና እምብዛም የማይታወቅ ሰው ነበር።

በ2016 ቪክተር ላቫል የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ «የጥቁሩ ቶም እንጉርጉሮ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ አሳተመ። ላቫል ላቭክራፍትን በልጅነቱ ወድዶ ያነበበ፣ ኋላ ደግሞ የራሱ ሕዝብ በዚያ ድርሰት ውስጥ እንዴት እንደተሣለ የተረዳ ሰው ነው። መጽሐፉን አላቃጠለም። «የሬድ ሁክ መዓት»ን ወስዶ በሃርለም ነዋሪ በሆነ በአንድ ጥቁር ወጣት ዓይን እንደገና ጻፈው። የወጣቱ አባት የያዘው ጊታር ጠመንጃ መስሎ ስለታየ በአንድ መርማሪ ጥይት ይገደላል። ፍርሃቱ አልተቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። የሚፈሩት ሰዎች ግን አንደበት አገኙ።

የላቫልን መጽሐፍ ባነበብኩ ቀን ወደ አእምሮዬ የመጣው ሃርለም አልነበረም። የቡዳው ተረት ይወራበት በነበረው እሳት ዙሪያ የሸክላ ሠሪዋ ልጅም ከእኛ ጋር ይቀመጥ ነበር። እኩያችን ነው፤ እንደ እኛው ጉልበቱን አቅፎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ያዳምጣል። ተረቱ ሲያልቅ ጨለማው ስለሚያስፈራን እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደየቤታችን እንሮጣለን። እሱ ቤቱ ከሁላችንም ይርቃል፤ ከወንዙ ማዶ ነው። ብቻውን ነበር የሚሄደው።