ቃል ኪዳንና ጸሎት በስካውትነት



ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 ሃያ ያህል ልጆች ይዞ በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት ድንኳን ተከለ። ከዚያ የተነሣው ስካውት ከሚያስገባው ቃል ቀዳሚው ለእግዚአብሔር የሚገባውን ግዴታ መፈጸም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን የብሪታንያ ስካውት ማኅበር የማያምኑ አባሎች ስሙን ሳይጠሩ ቃል እንዲገቡ እንደሚፈቅድ አስታወቀ።

ይህን ስንሰማ አዘንን። ሆኖም የማያምን ልጅ በስሙ በሐሰት ቃል ከሚገባ ባይጠራው አይሻልምን? ጥያቄው የሚከብደው በእኛ ላይ ነው፤ ስሙን ወደን የጠራን እኛ ምን ማመካኛ አለን?

በሰፈርንበት ቦታ አንድ ማታ በእሳቱ ዙሪያ ቆመን ረጅም ጸሎት አደረስን። «አሜን» ብለን ቀና ስንል ታናሻችን ጀሪካን ተሸክሞ ከወንዝ ሲመጣ አየነው። ውኃ ማለቁን ሁላችንም እናውቅ ነበር! የስካውት መፈክር «ዝግጁ ሁን» ነው፤ ጌታም በጌቴሴማኒ ደቀ መዛሙርቱን ያዘዛቸው እንዲጸልዩ ብቻ ሳይሆን እንዲነቁም ነው። ታዲያ ያን ማታ የነቃው ማን ነበር?

ጸሎቱ ከንቱ ነበር ግን አንልም። በእግዚአብሔር ፊት ባንቆም ኖሮ ልጁን አይተን እንዲያ ባላፈርን ነበር። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጀሪካኑን ለመያዝ ተሽቀዳደምን። ልጁ ቀድሞን ሄዷል።