ክሱን ማን ያንብብለት?

በመስቀል አደባባይ ዳር በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በኩል ባለፍን ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነናል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ከፍቶ ገበሬውን ፊደል ያስቆጠረው ደርግ፣ ፊደል የቆጠሩትን ወጣቶች ወኅኒ ያጎረ መንግሥት ነበር። ከአደባባዩ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ በቆመበት ስፍራ በነበረው ዓለም በቃኝ፣ የተማረው እስረኛ ያልተማረውን ያስተምር ነበር። ነቢይ መኰንንም በእስር ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ረጅም ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጕሟል።

ወረቀት ያጣው ምሁር እስረኛ እንዲህ ይታወሳል። ወረቀት ቢሰጠውም ስሙን መጻፍ የማይችለውን ግን ማን ያስታውሰዋል?

አንድ ጊዜ እስረኞችን ልንጠይቅ ሄደን ሳለ አንድ ጎልማሳ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ «አባ፣ እባክዎ ይችን ያንብቡልኝ» አለን። የክስ ማመልከቻው ነበር። ጉዳዩን የእስር ጓደኞቹ እንዳያውቁበት ፈልጎ ለሳምንታት ሳያስነብበው ይዞት ኖሯል። በሰጠው ቃል ግርጌ ያለው አሻራም የእርሱ ነው። «ሲነበብልኝ ፈርቼ ስለ ነበር ምን እንዳሉ አላስታውስም» አለን።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ክሱን በጽሑፍ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 81 ሕጉን አላወቅሁም ማለት መከላከያ እንደማይሆን ይደነግጋል፤ በቂ ምክንያት ኖሮት በቅን ልቡና ለተሳሳተ ሰው ዳኛው ቅጣቱን እንዲያቀልል መፍቀዱን አንዘነጋም። ሁለቱም ድንጋጌዎች መልካም ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚያነብ ሰው አለ ብለው ይነሣሉ። ፊደል ሳያስተምሩ ሕግን እወቅ ማለት ያላበደሩትን ገንዘብ መጠየቅ ይመስላል። ስለዚህ እስረኛን ማስተማር ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ ነው እንላለን።

አንድ የቁምስናችን አባት «የእኔ ልጅ ደብተር አጥቶ ለሌባ ይገዛለታልን?» ብለው ጠየቁን። ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ወዲያው መልስ አልሰጠናቸውም። የተበደለው ሰው ልጅም ትምህርት ቤት ሳይገባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ለእስረኛው የተነፈገው ደብተር ለልጁ አይደርሰውም። ዳኛውም የፈረደበት ዓመታትን ነው እንጂ ድንቁርናን አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች ማንበብ ለማይችሉ እስረኞች ትምህርትን ግዴታ ያደርጋሉ። ሽማግሌን በግድ ፊደል ማስቆጠር አያስደስተንም፤ ግዴታው በቅድሚያ በአስተማሪው ላይ የወደቀ ነው ብለን እንረዳዋለን።

በማረሚያ ቤቶች ትምህርት ቤቶች መኖራቸውን፣ ታራሚዎችም ለብሔራዊ ፈተና መቀመጣቸውን እናውቃለን። ክሱ ግን ትምህርቱን አይጠብቅም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ለእስረኛ ሳሙናና ዳቦ ስትወስዱ የፊደል ገበታ ለማስገባትም ፈቃድ ጠይቁ።

ያን ጎልማሳ በሌላ ቀን ስንጠይቀው ወረቀቱን ዳግመኛ አወጣ። እንድናነብለት አልነበረም፤ ስሙ የትኛው እንደ ሆነ እንድናሳየው ነበር። ሦስት ቦታ ተጽፏል፤ ሦስተኛውን ራሱ አገኘው።