ካርዱን የሚፈርመው ማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ልጁ ለዩኒቨርሲቲ ቡድን ጎልፍ እንዲጫወት የሚፈልግ ወላጅ ሥራው ብዙ ነው። ውድድር ይመርጣል፣ አሠልጣኝ ይቀጥራል፣ የልጁን አመታት በቪዲዮ ይቀርጻል፣ ውጤቱን መዝግቦ ይይዛል፤ ሳይታወቀውም ለአሠልጣኞች የሚላከውን ደብዳቤ ራሱ መጻፍ ይጀምራል። ከዚህ ሁሉ የቱ እርዳታ ነው? የቱስ የልጅን ሕይወት በልጅ ስም መኖር? እኔ እንደማስበው መለኪያው የእርዳታው ብዛት አይደለም። ልጁ ከታገዘ በኋላም ሥራው የራሱ ነው ወይ? «ይቅርብኝ» ማለትስ ይችላል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

ለዚህ ክርክር ጎልፍን የሚያህል ስፖርት አይገኝም። ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ ዳኛ አጠገቡ የለም፤ ደንቡም ቅጣቱን ራሱ በራሱ ላይ እንዲቆጥር ያዘዋል። ጨዋታው ሲያበቃ የውጤት ካርዱ ላይ ይፈርማል። በ1925 በተካሄደው የአሜሪካ ኦፕን የጎልፍ ውድድር ተጫዋቹ ቦቢ ጆንስ ሣር ውስጥ የነበረችው ኳሱ ስትንቀሳቀስ ያየ ሌላ ሰው ባይኖርም አንድ ምት ይቆጠርብኝ ብሎ ድርቅ አለ። ውድድሩ በእኩል ውጤት አለቀና በመለያው ጨዋታ ተሸነፈ፤ ያቺ ምት ባትቆጠር ዋንጫው የእሱ ነበር። የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ከውጤቱ ባሻገር ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ቤተሰቡ በሌለበት አራት ዓመት አብሮት የሚቆየው ልጅ ምን ዓይነት ሰው ነው? አባት በልጁ ስም የጻፈው ኢሜይል የሚሸፍነው በትክክል ይህንን ነው። በመጋቢት 2019 የአሜሪካ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ 50 ሰዎችን የከሰሰበት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ቅሌት ውስጥ ወላጆች ስፖርቱን በወጉ ለማይጫወቱ ልጆቻቸው የስፖርተኛ ማስረጃ በገንዘብ አሠርተው ነበር። ኢሜይሉን ከዚያ ወንጀል ጋር እኩል ማድረግ ግፍ ነው፤ አቅጣጫው ግን አንድ ነው፤ በሁለቱም ካርዱን የፈረመው ሌላ ሰው ነው።

«ልጁ እስኪመርጥ ከተጠበቀማ ጊዜው ያልፋል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። በአገሪቱ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) ደንብ የዲቪዥን 1 (የከፍተኛው ደረጃ) ጎልፍ አሠልጣኝ ልጁን በቀጥታ ማነጋገር የሚችለው 10ኛ ክፍልን ካጠናቀቀ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚታይ ውጤት ሊኖረው ይገባል። አርስቶትልም ቢሆን መልካም ጠባይ የሚገኘው በመለማመድ እንደሆነ አስተምሯል፤ ልምምዱን የሚያስጀምረው ደግሞ ታላቅ ነው። እውነት ነው፣ ማስጀመር ጥፋት የለውም። ፈላስፋው ጆኤል ፋይንበርግ በ1980 ያነሣው ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳናል፦ ልጅ አድጎ የሚጠቀምባቸው መብቶች አሉት፤ እነዚህ እስኪያድግ ድረስ ሊጠበቁለት ይገባል። በ12 ዓመቱ ዱላ ማስጨበጥ በር መክፈት ነው። ለጎልፍ ሲባል ንባቡን፣ ጓደኞቹንና ሌላ ዝንባሌውን ሁሉ ማስጣል ግን የቀሩትን በሮች መዝጋት ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ «መረጥኩ» ቢልም የመረጠው ከአንድ ነገር መካከል ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ከእኛ ቤት ይመጣል። ልጅ ብቻውን የቆመ ፍጡር አይደለም፤ ወላጅ ከጉሮሮው ነጥሎ ያሳደገው ነውና ለቤተሰቡም ሊያስብ ይገባዋል ይባላል። ይገባዋል። ነገር ግን «ወጪው በስኮላርሺፕ ይመለሳል» የሚለው ስሌት ራሱ ደካማ ነው፦ እስከ 2025 ድረስ አንድ የዲቪዥን 1 የወንዶች ጎልፍ ቡድን ሊሰጥ የሚችለው ከ4.5 ሙሉ ስኮላርሺፕ አይበልጥም ነበር፤ አሠልጣኞችም ያችኑ ለብዙ ልጆች ይሸነሽኗት ነበር። ዲቪዥን 3 እና የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለስፖርት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ስለዚህ «ያወጣሁት ይመለሳል» ብሎ የገባ ወላጅ ብዙ ጊዜ ሒሳቡን የሚያወራርደው ከልጁ ላይ ነው። ገንዘቡ ስጦታ ከነበረ ልጁ በ17 ዓመቱ ዱላውን ሰቅሎ «ሥነ ሕይወት ላጥና» ቢል ዕዳ የለበትም። ብድር ከነበረም ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባ ነበር፤ የ12 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ውል መዋዋል ይችል እንደሆነ ወላጁ ራሱ ይፍረድ።