የንባብ መዝገብ፤ ሀብት ወይስ ዕዳ?

ብዙ ያነበበ ሰው ስለ ንባቡ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ታሪክ፣ ይህን ያህል ልብ ወለድ፣ ይህን ያህል ግጥም ይላል። የወንጀል ምርመራና የስለላ መጻሕፍትን ግን፣ እንቅልፍ አጥቶ ያነጋባቸው እነርሱ ቢሆኑም እንኳ፣ ከቁጥሩ ሳያስገባ ያልፋቸዋል። ጥያቄውም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። አንባቢ ያነበበውን የሚመዘግበው ለራሱ እውነቱን ለመናገር ነውን? ወይስ ክብሩን ለሌሎች ለማሳየት?

በቤተ ክህነት የትምህርት ሥርዓት በማንበብና በማወቅ መካከል ያለው ርቀት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ልጁ ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ ደስ ብሏቸው ይደግሱለታል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት ሊቅ የሚለው የለም። ዜማው፣ ቅኔው፣ የመጻሕፍት ትርጓሜው ገና ከፊቱ ይጠብቁታል። ድግሱ የአንድ ደረጃ መፈጸሚያ፣ የሌላውም መጀመሪያ ነው።

እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን ከ1838 እስከ 1860 እ.ኤ.አ. ያነበባቸውንና ሊያነብባቸው ያሰባቸውን መጻሕፍት በየደብተሩ ለይቶ ይመዘግብ ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚደነቀው ግን ሌላው ልማዱ ነው፤ ይኸውም የራሱን ሐሳብ የሚቃረን ማስረጃ ባጋጠመው ጊዜ ሳይውል ሳያድር መጻፉ ነው። የማይስማማ ነገር ከሚስማማው ይልቅ ፈጥኖ ከአእምሮ እንደሚጠፋ በልምድ ተረድቶ ነበርና። ይኸው ሰው በ1876 እ.ኤ.አ. የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ፣ በወጣትነቱ ይወደው የነበረው ግጥም ፈጽሞ እንዳስጠላው፣ ልብ ወለድ ሲነበብለት ግን ደስ እንደሚለው ሳይሸሽግ ገልጿል። ሕይወቱን እንደገና ቢኖር ቢያንስ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ግጥም ያነብና ሙዚቃ ይሰማ ዘንድ ለራሱ ደንብ ያወጣ እንደ ነበረም ጽፏል። ለብዙ ዓመታት በትጋት የተያዘው መዝገብ ይህን ጣዕም ሊጠብቅለት አልቻለም። የተነበበውን ብቻ የሚቈጥር መዝገብ የቀረውን አይናገርም።

ኢጣሊያዊው አንቶኒዮ ግራምሺ ደግሞ በ1926 እ.ኤ.አ. የታሰረው ኋላ በ1935 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን በወረረው በዚያው የፋሺስት መንግሥት ነው። ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስር ቤት በጻፋቸው ደብተሮች ውስጥ ስለ ታሪክና ስለ ፍልስፍና ከመረመረው ጋር፣ ብዙ ሰው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን ለምን እንደሚወድ በጥሞና ጠይቋል። በ1930 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤም ሼርሎክ ሆልምስንና ቄሱን መርማሪ አባ ብራውንን አነጻጽሯል፤ የፊተኛው ከውጭ ምልክት ተነሥቶ፣ የኋለኛው የሰውን ልብ ከማወቅ ተነሥቶ ወደ ወንጀለኛው እንደሚደርሱ አመልክቷል። ወረቀትና መጽሐፍ በፈቃድ ብቻ ይገኙበት በነበረ ስፍራ የተቀመጠ ሰው ይህን ዓይነቱን ንባብ ለመመዝገብ አላፈረም።

ይህ ማለት ግን መጽሐፍ ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በመጨረሻው ገጽ ጥፋተኛውን አሳልፎ እንደሚሰጥ ለአንባቢው ቃል ይገባል። ታሪክ ይህን ቃል አይገባም። ሰኔ 28 ቀን 1914 እ.ኤ.አ. በሳራዬቮ የኦስትሪያን አልጋ ወራሽ የገደለው ወጣት በዚያው ዕለት ተይዟል፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጠያቂ ማን እንደ ሆነ ግን የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሁለቱን ዓይነት መጻሕፍት እያፈራረቀ የሚያነብ ሰው በታሪክ ውስጥ አንድ ጥፋተኛ ብቻ የመፈለግ ልማድ ከወዴት እንደ መጣበት ሊያስተውል ይችላል። የሚያስተውለው ግን ሁለቱንም በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ካሰፈራቸው ነው። አንዱን በአደባባይ ሌላውን በጓዳ የሚያኖር አንባቢ የገዛ አእምሮውን ታሪክ ከፍሎ ያጠፋል።

እንግዲህ ለመዝገብ የሚገባው የመጽሐፉ ስምና የተነበበበት ቀን ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የትኛውን እምነት እንደ ተከራከረ፣ የትኛውን ጥያቄ ሳይመልስ እንደ ተወው፣ ምን ዓይነት ንባብ ከተቋረጠ ስንት ዘመን እንደ ሆነ ሊሰፍርበት ይገባል። እንዲህ ያለው መዝገብ ባለቤቱን ለማስመስገን አይመችም፤ ለሰው ቢያሳየውም ብዙ የሚያኰራው ነገር አይገኝበትም። መምህር ተማሪውን፣ ደራሲም ተመልካቹን «ይህን አንብቤአለሁ» ሲል ግን ከቃሉ በስተጀርባ ያለው ዕዳ ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቃል።