«የውጭ» አያት

በቻይናውያን ዘንድ ሁለቱ ሴት አያቶች በአንድ ስም አይጠሩም። የአባት እናት «ናይናይ» ስትባል፥ የእናት እናት በተለይ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል «ዋይፖ»፥ በሰሜኑ ደግሞ «ላውላው» ትባላለች። ከነዚህ መካከል አነጋጋሪው «ዋይፖ» ነው፤ «ዋይ» ማለት «ውጭ» ማለት ነውና። አዝላ ያሳደገች፥ አኝካ ያጎረሰች አሮጊት በልጅ ልጇ አፍ ዕለት በዕለት «የውጭ» እየተባለች ትጠራለች። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ እርሷም አልተቀየመችም። እንግዲህ ተናጋሪው ሳያስበው፥ ሰሚዋም ሳይሰማት፥ ቃል ብቻውን በደል ሊፈጽም ይችላልን?

ቃሉ በዘፈቀደ የተገኘ አይደለም። በጥንቱ የቻይና ሥርዐት ሴት ልጅ ስትዳር ከአባቷ ቤት ወጥታ የባሏ ወገን ትሆናለችና፥ ወላጆቿ ለልጆቿ ከቤቱ ውጭ ነበሩ። ልዩነቱ በሐዘን ልብስ ሳይቀር ይለካ ነበር፤ ለአባት እናት አንድ ዓመት፥ ለእናት እናት አምስት ወር። ዛሬ ይህ ሥርዐት የለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የውርስ ሕግም ሆነ በ2021 በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሁለቱን ወገን አያቶች በሁለተኛው የወራሾች ተርታ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። በመብት እኩል ያደረጋቸው ይኸው ሕግ ግን፥ የእናትን ወላጆች ስም ሲጽፍ «ውጭ» የሚለውን ቃል አልጣለም።

ታዲያ ቃሉ ይፋቅ ቢባል ማን ይስማማል? እ.ኤ.አ. በ2018 በሻንጋይ ለሁለተኛ ክፍል በተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ «ዋይፖ» ወጥቶ «ላውላው» ገብቶ ነበር። ለውጡ የአሮጊቲቱን ክብር ለመጠበቅ የተደረገ አልነበረም። ሕዝቡ ግን ተቆጣ፤ ቃሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ለተቆጡት ሰዎች «ዋይፖ» የቤት ውስጥ ድምፅ እንጂ የውጭነት ምልክት አልነበረም። ይህ ቃሉን ከወቀሳ ነጻ ያወጣዋል ማለት ግን ያዳግታል፤ ፍቅር የቃሉን ስለት አደነዘዘው እንጂ ከእጅ አላስጣለውም።

ስዊድናውያን ነገሩን በቀላሉ ተወጥተውታል፤ የእናት እናት «ሞርሞር»፥ የአባት እናት «ፋርሞር»፤ ትርጉሙም ያው ነው።

አማርኛ ከሁሉም ይልቅ ለጋስ ይመስላል። «አያት» ወንዱንም ሴቲቱንም፥ የእናትንም የአባትንም ወገን፥ አራት ሰዎችን በአንድ ቃል ያቅፋል። ቃሉ ከኑሮው ጋር ይስማማል፤ ርስት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ እስኪቀር ድረስ በእናትም በአባትም ይቆጠር ነበር፤ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠርም የእናት ወገን አይዘለልም። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪው ቢመካ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በየጽሕፈት ቤቱ በሚሞላው ቅጽ ላይ «የአያት ስም» የሚል መስመር አለ። ቅጹ ሴት ይሁን ወንድ፥ የእናት ይሁን የአባት አይልም፤ ሆኖም ባለጉዳዩ ብዕሩን ሲያነሣ ማንንም ሳይጠይቅ የአባቱን አባት ስም ይጽፋል። አራቱን ያቀፈው ቃል መስመሩ ዘንድ ሲደርስ አንዱን አስገብቶ ሦስቱን ደጅ ያስቀራል፤ ለዚህም «ውጭ» የሚል ቃል አላስፈለገውም። የአባቱን አባት አባት ሳያመነታ የሚጠራ ሰው የእናቱን እናት ስም ከነአባቷ ንገረን ቢባል፥ «እማማ» እያለ አድጓልና፥ ብዙ ጊዜ ታላላቆቹን መጠየቅ ይኖርበታል።